ግብር የተጠሩት እናት

ባለቤቴን መጀመሪያ ያየሁት ሰኞ ገበያ መሀል፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ ደንብ ሲያነብ ነው። ቀጠን፣ ረዘም ያለ ወጣት ነበር። የለበሰው ካኪ ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶ ከታላቅ ወንድሙ የተዋሰው ያስመስለዋል። ጊዜው ጣልያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ፣ እሱን ተከትሎ የመጣውም ብጥብጥ ከበረደ በኋላ ነው። መንግሥት መቐለ ላይ የቀረጥና የግብር መሥሪያ ቤት ከፍቶ ከመሀል አገር ጸሐፊዎች ልኮ ነበር፤ እሱም ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነው። እኔ ያን ቀን የአባቴን አሞሌ እጠብቅ ነበር። አባቴ ጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ከአፋር በግመል የሚወጣውን ጨው ተቀብለው ወደ ወሎ ለሚወርዱ ነጋዴዎች ያስረክባሉ። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ቤቱንም ገበያውንም ከአባቴ ጋር የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ድምፁ ጥሩ ነበር። ቃሉ ግን ለገበያው ሰው ባዕድ ሆነበት። «ማናቸውም ነጋዴ ወደ ገበያ ላገባው ሸቀጥ የተወሰነውን ቀረጥ ሳይከፍል ቢገኝ» እያለ ይወርዳል፤ ሰዉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአክብሮት ያዳምጣል። አንብቦ ጨረሰና ወረቀቱን አጠፈ። ማንም አልተነቃነቀም። ያለቀ አልመሰላቸውም። እሱም የሚጠብቁት ምን እንደሆነ ስላላወቀ እንደ ቆመ ቀረ፤ ሁለቱም ወገን ጥቂት ተያዩ።

አባቴ ወደ እኔ ዘወር አሉና «ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ አማርኛ እችል ነበር። ያስተማረችኝ አጥር የምንጋራት የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ ጥጥና ፈትል የሚነግድ ሙስሊም ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ሲያመኝ ግንባሬን የምትዳስሰኝ እሷ ነበረች፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ በራሷ ቋንቋ እያወራችኝ ነው። ስለዚህ የኔ አማርኛ የወሎ እስላም አማርኛ ነበር። አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ «ወላሂ» እላለሁ። ይህ ለሰው እንደሚያስቅ የሚነግረኝ አልነበረም።

ለአባቴ የገባኝን ያህል ነገርኳቸው፦ ዶጋናው ተመልሷል፣ ስሙ ብቻ ተለውጧል፤ ገበያ የሚገባ ሁሉ በር ላይ ይከፍላል፤ በእጁ ተሸክሞ ለቤቱ የሚወስድ ግን ነፃ ነው። ዶጋና የምንለው ቀረጡን ነው፤ ጣልያን ትቶልን የሄደው ቃል ነው። አባቴ አጠገባቸው ላለው ግመል ነጂ ነገሩ፣ እሱም ለሌላው አቀበለ። ወሬው ከኛ አሞሌ ተነሥቶ በገበያው ላይ እንደ ውሃ ሲሄድ ጸሐፊው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ አየው። በዐይኑ እየተከተለ መነሻውን ፈለገ። ሲያገኘኝ ዐይኔን ወደ ጨው መለስኩ።

በሳምንቱ ቤታችን መጣ። የሚከራይ ክፍል እንዳለን ሰምቶ ነው። አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጠው የተሰነጠቁ አሞሌዎችን በልጥ እያሰሩ ነበር። እኔን በመካከል አቁመው ያነጋግሩት ጀመር።

«ቀረጥ ሰብሳቢ ቤቴ ባሳድር ነጋዴው ምን ይለኛል? ይህ ሰው ከቀረጥ ሊያመልጥ ነው አይሉኝም?» አሉ።

ይህን ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «አባቴ፣ ቀረጡንም ሳልቀበልዎ አልቀርም፤ ኪራዩንም ሳልከፍልዎ አልቀርም» አለ።

አባቴ ትርጉሙን ሲሰሙ እጃቸው ላይ ያለውን ልጥ አስቀምጠው በደንብ አዩት። ከዚያ «ክፍሉን አሳዪው» አሉኝ።

መንገዱን እየመራሁት ሳለ ከጣራው ቆርቆሮ አንዱ እንደሚያፈስ ነገርኩትና «አብሽሩ፣ ከክረምት በፊት እናስጠግናለን» አልኩ። ቆመ። «ምን አልሽኝ?» አለ። «አብሽሩ አልኳችሁ፤ አንቱን አይዞዎ ማለቴ ነው» አልኩት። በጣም ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። ማተቤን አየ፣ እንደገና ሳቀ። እኔ ተቆጥቼ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። በአጥሩ በኩል ለጎረቤቴ ስነግራት «ምን ያስቀዋል? እሱ ነው የሚያስቅ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ የሚናገር» አለችኝና እሷም ሳቀች።

የክረምቱ ዝናብ እንደ ቆመ ሌላ ነገር ጠየቀ። በየሳምንቱ ሰው የማይሰማው ነገር ማንበብ ሰልችቶታል። «የደንቡን ቃላት በትግርኛ ብታገኙልኝ» ብሎ አባቴን ለመናቸው። አባቴ ፈቀዱ፤ ግን በእሳቸው ፊት፣ ደጅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ መሆን ነበረበት። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እንደዚያ ሆነ። እሱ አንድ በርጩማ ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ፣ አባቴ መካከላችን አሞሌያቸውን እያሰሩ።

ብዙዎቹ ቃላት ዘመዳሞች ነበሩ። ቀረጥ ሲል ቀረጽ እለዋለሁ፤ ርስት ሲል ርስቲ፣ ጉልት ሲል ጉልቲ። ድርጎ ሲል አባቴ ራሳቸው ገቡበት። ድርጎ መንግሥት ለሰው በየወሩ የሚሰጠው እህል እንደሆነ፣ ድሮ በከተማችን ስንት ቤት በድርጎ ይኖር እንደነበር አጫወቱን። ለእሱ የከበደው ቃሉ አልነበረም፤ ጉሮሮው ነው። ገበያን ዕዳጋ በሉ እለዋለሁ፣ እዳጋ ይላል። «ዐ»ን ከታች፣ ከጉሮሮ ነው የምታወጧት ብዬ አሳየዋለሁ። ሞክሮ ያስለዋል። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ግብር የሚለው ጋ ስንደርስ «ግብሪ» አልኩት። አባቴ «ጸባሕቲም ይባላል» አሉ። እሱ ግብሪ ለአፉ ቀለለውና «ይኼማ ያው ነው» ብሎ አለፈ፤ እኔም አለፍኩ።

የቦታና የቤት ግብር የሚሰበሰብበት ቀን ደረሰ። ለፋፊ በየሰፈሩ ዞረ። ሰኞ ጠዋት ግብሪ ነው፣ ቦታና ቤት ያለው ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ይገኝ እያለ አለፈ። መሥሪያ ቤቱ ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ካለበት ጉብታ ሥር ነበር።

ሰኞ ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሰልፉ መጀመሪያ ላይ የሰፈራችን አሮጊት ቆመዋል። እኒህ ሴት ባላቸው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የላቸውም። ከኛ አጥር በላይ ባለች አንዲት የድንጋይ ቤት፣ በህድሞ ውስጥ ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኛ ልጆች ሁላችን አደይ እንላቸዋለን፣ እናቴ እንደ ማለት ነው። ያን ቀን የለበሱት ነጠላ እንደ ወተት ነጭ ነበር፤ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ተሠርተዋል። በእጃቸው የቀንድ ዋንጫ ይዘዋል። ምን አመጣቸው ብዬ አላሰብኩም፤ መቼም ሰው ሁሉ መጥቷል።

በሩ ተከፈተ። ጸሐፊው ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። አደይ ገብተው እጅ ነሡና በትግርኛ አንድ ነገር አሉ። እሱ ግራ ገብቶት በሰው መሀል ፈለገኝ፤ አባቴ በክርናቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

አደይን ጠየቅኋቸው። ዐይናቸው ደከም ስላለ ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው «አንቺ ነሽ?» አሉና ደገሙልኝ። «ግብሪ ተጠርቼ መጣሁ። ድሮ ከሴቶቹ መደብ ነበር የምቀመጠው። ዛሬ የት ነው ቦታዬ በይልኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ግብር ያሉት በወጣትነታቸው የሚያውቁትን፣ በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚበላውን ድግስ ነው። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሰምቶ ማጉረምረም፣ ከዚያም መሳቅ ጀመረ። እንዴት ብዬ እንደምተረጉምለት አላወቅሁም፤ በዝግታ፣ በዚያው በወሎ አማርኛዬ ነገርኩት። «ሊበሉ ነው የመጡት» አልኩት። «ድሮ የንጉሡን ግብር የሚበሉ ሴት ነበሩ። ዛሬም እንደዚያ መስሏቸው ነው።»

አልሳቀም። ተነሣና ወንበሩን ዞሮ አመጣላቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ወደ እኔ ቀርቦ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤታችሁ የሚበላ ነገር አለ?» አለኝ።

«ሽሮ አለ። የሱፍ ፍትፍትም መሥራት እችላለሁ።»

«እንግዲያ ንገሪያቸው። ቦታዎ ተይዞልዎታል፤ ምግቡ ግን ስላልደረሰ ትንሽ ይታገሡ በያቸው። የሚበላው እዚህ ሳይሆን በአባትሽ ቤት ነው።»

ነገርኳቸው። «ከጥንትም እስኪደርስ ይጠበቅ ነበር» አሉና ዋንጫቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሳቁ ጠፋ። ሰዉ አንድ በአንድ እየገባ፣ በእሳቸው አጠገብ እያለፈ፣ እጅ እየነሣ ይከፍል ጀመር። እሱ ቆሞ ይጽፍ ነበር።

እኔ ሮጬ ወደ ቤት። ጎረቤቴን በአጥሩ ላይ ጠራኋትና ነገሩን አጫወትኳት። ሥጋዋን እኛ አንበላም፣ ሥጋችንን እሷ አትበላም፤ ወተትና ማር ግን ያን መለያየት አያውቁም። እርጎ በቅል፣ ማር በሸክላ አሳልፋ ሰጠችኝ። «አዳራሽ ቤት በልተው ያደጉ ሰው በሽሮ ብቻ አይሸኙም» አለችኝ። አባቴ ከጨው ነጋዴ ጓደኛቸው ዘንድ ጠላ አስመጡ። መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፍን።

እኩለ ቀን ላይ ጸሐፊው አደይን እየደገፈ አመጣቸው። መደቡ ላይ አስቀመጥናቸው፣ እጃቸውን አስታጠብኳቸው። እሱ አልተቀመጠም። ድሮ አሳላፊ እንደሚያደርገው ቆሞ፣ ዋንጫቸው ሲጎድል እየሞላ አስተናገደ። ከየት እንደተማረው በኋላ ጠየቅሁት፤ «አባቴ ከመኳንንቱ የአንዱ አሳላፊ ነበር» አለኝ። እሱን ያየሁ ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያየሁት ኮቱን ነበር ለማለት ነው።

አደይ እየበሉ አወሩን። ባላቸው በንጉሡ ዘመን የቤተ መንግሥት እምቢልታ ነፊ ነበር። ንጉሡ ወደ አዳራሽ ሲገባ የሚነፋ እሱ ነው። ለዚህ አገልግሎቱ ድርጎ ተሰጠው፤ የቤት መሥሪያ ቦታም ተሰጠው። «በዚህ ቦታ ላይ ጸባሕቲ አይከፈልም፣ ወታደር ተመርቶ አያድርበትም፣ ሹም አይገባበትም ተብሎ በነጋሪት ተነገረ። በዚያ ቤት ገባሁ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ጣልያንም አልጠየቀኝ» አሉ፣ ማር የነካ ጣታቸውን እየጠረጉ። እኔ እየተረጎምኩ ነበር። ይህን ስተረጉም ማሰሮውን የያዘው እጁ ቆመ።

አደይን ወደ ቤታቸው ሸኝተን ስንመለስ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ቀረ። «ምነው?» አልኩት።

«ባይነግሩኝ ይሻል ነበር» አለ። «አሁን ዐወቅሁ። የቦታ ግብር የማይከፍል ማን እንደሆነ መጠየቅ ሥራዬ ነው። እኔ አብልቼ አናገርኳቸው።»

«ዝም ብትሉስ?»

«ዝም ብዬ ሌላውን እንዴት አስከፍላለሁ? አባትሽን እንዴት አስከፍላለሁ?»

በማግስቱ ለአለቃው ነገረው። አለቃው በዕድሜ የገፉ፣ በደንብ ነገር ድርቅ ያሉ ሰው ናቸው፤ ክፉ ግን አልነበሩም። ነገሩን ሰምተው መዝገቡን አገላበጡ አለኝ። ከዚያ «ለሰውየው ነው የተሰጠው ወይስ ለቦታው?» ብለው ጠየቁ። ለሰውየው ከሆነ መብቱ ከሱ ጋር ሞቷል፤ ለቦታው ከሆነ ይታሰብበታል። የሰፈር ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ አባቴም ከነሱ አንዱ ሆኑ። አባቴ ውሸት አይችሉበትም። በልጅነታቸው የሰሙትን ተናገሩ፦ የተሰጠው ለእምቢልታ ነፊው ነው፣ እስኪሞት ድረስ። ይህን ብለው ቤት ሲመጡ ምሳ አልበሉም። «ባልጠሩኝ» አሉ።

አለቃው «ይህን ምሕረት የመስጠት ሥልጣን እኔ የለኝም። ባትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነገርከኝ» ብለው ወሰኑ። አደይ እንደ ማንኛውም ባለቦታ ይከፍላሉ።

አባቴ አንድ መላ አገኙ። የአደይን ቦታ ከኛ አጥር ጋር አገናኝተን እንደ አንድ ግቢ ብናደርገው፣ ግብሩ በአባቴ ስም ይሆናል። አደይ ከነቤታቸው የኛ ቤተሰብ ተብለው ይቆጠራሉ። ጸሐፊውም ይህ በደንቡ የሚቻል ነው አለ። ሦስታችን ወደ አደይ ሄድን።

ከህድሟቸው በር ላይ ተቀምጠው እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱ ሲሾር ድምፁ ይሰማል። እሱ መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። በመጀመሪያ አባቴ መላቸውን ተናገሩ። አደይ አዳምጠው ፈገግ አሉ።

«ወንድሜ፣ አንተ ደግ ነህ። ግን እኔ የእምቢልታ ነፊ ሚስት ነኝ። በሰማንያ ዓመቴ የጨው ነጋዴ ጥገኛ ልሁን?»

አባቴም ፈገግ አሉ። ከዚያ አደይ ወደ እኔ ዞረው «ይህ ልጅ ግን ምን ሊለኝ ነው የመጣው?» አሉ።

«እውነቱን ንገሪያቸው» አለኝ። «ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የማለዝብበት መንገድ አጣሁ።»

እሱ በአማርኛ እየተናገረ እኔ በትግርኛ ነገርኳቸው። የጠራናቸው ለመብላት እንዳልነበር። ግብር ማለት አሁን የሚሰጥ እንጂ የሚበላ እንዳልሆነ። ለባላቸው የተሰጠው ነፃነት ከባላቸው ጋር እንዳበቃ። ይህን የመጨረሻውን ስናገር እንዝርቱ ቆመ።

«ያን ቀን ታዲያ ለምን አበላኸኝ?» አሉት።

ተረጎምኩለት። «ተጠርተው መጥተው ነበራ» አለ።

አደይ ቀና ብለው ድምፁ ወደ መጣበት አዩ። «የሚበላ ከሌለ የሚሰጠው ለምን ይሆናል?»

«ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለዘበኛ ይሆናል ብለውናል» አለ።

«ብለውናል?»

«እኔም ገና አላየሁትም፣ እናቴ።»

አደይ ሳቁ። ጥርስ የሌለው አፋቸው እንደ ሕፃን ሆነ። «አልዋሸኝም» አሉኝ። ከዚያ ጥጡን በጣታቸው ያፍታቱ ጀመር። ልክ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ቀጠሉ።

«ባሌ ሲነፋ እኔ ስበላ ኖርኩ። ጤፉ ይመጣ ነበር፣ ማሩ ይመጣ ነበር፣ በሬው ይመጣ ነበር። ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከገበሬው ቤት ነው የሚመጣው። ያ ገበሬ አንድ ቀን አዳራሹን በዐይኑ አይቶት ያውቃል? አያውቅም።» እንዝርቱን አነሡ። «እሰጣለሁ በይው። ብዙ በልቻለሁ። ከበላሁት የምሰጠው ያንሳል። በፈትሌ እሰጣለሁ፣ ማንም እንዳይከፍልልኝ።»

ነገርኩት። ዐይኑን ወደ አጥሩ መለሰ፣ ቶሎም ከዚያ አላነሣውም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ አደይ። «በቤተ መንግሥት ቆሜ አላውቅም። ስሰጥም ቆሜ አልሰጥም። ተቀምጬ ነው።»

ይህንም ለአለቃው ነገረ። አለቃው «ወንበር የሚከለክል ደንብ አላነበብኩም» ብለው አለፉት።

ጎረቤቴ ከባሏ ጥሩውን ባዘቶ እየመረጠች ታመጣላቸው ጀመር፤ ባሏም ፈትሉን ይገዛቸዋል። ከሌላው አስበልጦ ይገዛል ብዬ እጠረጥር ነበር፤ እሱ ግን «ወላሂ ፈትላቸው ቀጭን ነው፣ ሸማኔው ይጣላበታል» ይላል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የግብር ቀን ሲመጣ አደይ ነጠላቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። ወንበር ይወጣላቸዋል። ተቀምጠው ይሰጣሉ፣ ተቀምጠው ደረሰኝ ይቀበላሉ። ከግቢው ሲወጡ በቀጥታ ወደኛ ቤት ይመጣሉ፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎ ይጠብቃቸዋል፤ እሱ ቆሞ ያስተናግዳል። ይህን ማንም አላዘዘንም። እንዲያው ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ጸሐፊው አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ነገሩን አባቴም ያውቁታል፣ እኔም ዐውቀዋለሁ፣ ጎረቤቴማ ከሁላችን ቀድማ ዐውቃዋለች። የከበደው ነገር ሌላ ነው። አባቴ ልጃቸውን የሚሰጡት ለሰው ልጅ እንጂ ለመሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የእሱ ወገን ደግሞ ሁሉ ሸዋ ነው፣ መንገዱም ሩቅ። ሽማግሌ ሆነው የመጡት አለቃውና የጎረቤቴ ባል ነበሩ። አባቴ በአክብሮት ተቀበሏቸውና «መልካም ልጅ ነው፤ ዐውቀዋለሁ። ግን እናት የለውም? አባት የለውም? ነገ ልጄን ቢበድላት ማንን እጠይቃለሁ?» አሉ።

አለቃው መልስ ሲፈልጉ በሩ ላይ አደይን ቆመው አየን። ማን እንደ ነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የምጠረጥረው አጥር የምጋራትን ነው። ገብተው ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ቦታ ሳይጠይቁ ተቀመጡ።

«እኔን ትጠይቃለህ» አሉ። «ወደይ ነው።»

ልጄ ነው ማለታቸው ነው። አባቴ ተነሥተው ትከሻቸውን ሳሙ። ነገሩ በዚያ አለቀ። በሠርጉ ቀን በሙሽራው ወገን፣ በእናት ቦታ፣ አደይ ተቀመጡ። ከቤታችን ስወጣ መጀመሪያ የሳምኩት ጉልበት የእሳቸው ነው። ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው «የሚናገረውን ሁሉ አትተርጉሚለት፣ አንዳንዱን ለራስሽ አስቀሪው» አሉኝ። ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

አደይ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። የመጀመሪያ ልጃችንን አዝለዋል፤ የሁለተኛዋን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ዐይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ወደ ቤታችን እንዲመጡ ለመንናቸው። አሻፈረኝ አሉ። ባለቤቴ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ማታ ሲመለስ በእሳቸው በር ያልፋል። በራፉ ላይ ሆኖ በትግርኛ እንዴት አደሩ ይላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ እያረሙት ይመልሳሉ። አንድ ጠዋት መልስ አልሰጡትም።

ከቀብር ስንመለስ ሰዉ ማንን እንደሚያጽናና አላወቀም። ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ባለቤቴ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አድርጎ፣ በድንኳኑ ውስጥ በልጅ ቦታ ተቀመጠ። ለቀስተኛው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ጎረቤቴና ባሏ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልተለዩም። አባቴ አርጅተው ነበር፤ እሳቸውም ከጎኑ ተቀምጠው ዋሉ።

ቦታው ወራሽ ስላልነበረው ለመንግሥት ገባ። ይህን የጻፈው ባለቤቴ ነው፣ ሥራው ስለሆነ። ጽፎ ሲመለስ ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ለእናቴ መጻፍ አለብኝ» አለ። «ሸዋ ላለችው። ራሴን ተላጨሁ ብላት ትደነግጣለች። እናቴን ቀበርኩ ብዬ እንዴት ለእናቴ እጽፋለሁ?»

«ሁለት ነበሩኝ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

እንደዚያው ብሎ ጻፈ። መልሱ በነጋዴ እጅ፣ ከብዙ ወር በኋላ መጣ። እናቱ ፊደል ስለማያውቁ የጻፈላቸው ቄስ ነው፤ ቃሉ ግን የእሳቸው እንደሆነ ያስታውቃል። ልጃቸውን በሩቅ አገር ላቀፈላቸው ሰው ምን እንደሚሉ እንደማያውቁ ይናገራል። ከደብዳቤው ጋር አንድ አዲስ ነጠላ ነበር። ጥለቱ በእኛ አገር የማይሠራ፣ የሸዋ ጥለት ነው። «ለሙት ዓመቷ ተዝካር ሚስትህ ትልበሰው» ይላል።

በተዝካሩ ቀን ለበስኩት። የሰፈራችን ሴቶች ጥለቱን እየዳሰሱ የት አገር ነው ይሉኝ ነበር። የሁለቱ አማቶቼ ነው እላቸዋለሁ።